የኬሚካልን አጣዳፊ መርዛማነት ገምግሞ ምድብ መስጠት፦ ለፋብሪካ ደህንነት ባለሙያዎች የአሠራር መመሪያ

ከሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክና በከተማዋ ዙሪያ ካሉ ፋብሪካዎች ደጋግሞ የሚደርሰን ጥያቄ ይህ ነው፦ «አዲስ ኬሚካል መጋዘን ገብቷል። አንዱ አቅራቢ ‹ጎጂ› ይለዋል፣ ሌላው ‹መርዛማ›። በርሜሉ ላይ የቱን ምልክት እንለጥፍ?» አንዳንዶች ደግሞ «አይጥ ላይ የሚሞክር ላቦራቶሪ የት ይገኛል?» ብለው ይጀምራሉ። አብዛኛውን ጊዜ አይጥም ላቦራቶሪም አያስፈልግም። ሥራው የወረቀት ሥራ ነው። ከባዱ ነገር ቁጥር ማግኘት ሳይሆን የተገኘው ቁጥር ምን እንደሚለካ ማወቅ ነው።

አጣዳፊ መርዛማነት ስንል በአንድ ጊዜ ወይም በ24 ሰዓት ውስጥ ተከፋፍሎ በአፍ ወይም በቆዳ የገባ፣ አለዚያም ለ4 ሰዓት ያህል የተተነፈሰ ኬሚካል የሚያደርሰውን ከባድ ጉዳት ወይም ሞት ነው። ካንሰር፣ አለርጂና ለዓመታት የሚከማች ጉዳት የየራሳቸው ምድብ ስላላቸው እዚህ አይገቡም። ኬሚካሉ ፀረ ተባይ ከሆነም መንገዱ ሌላ ነው፤ በፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ይስተናገዳል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ከአምራቹ በቀጥታ የተገኘ፣ 16ቱም ክፍሎች ያሉት የደህንነት መረጃ ሰነድ (መጋዘን ውስጥ ኤምኤስዲኤስ የሚባለው)። አስመጪው ያሳጠረው ባለ ሁለት ገጽ ቅጂ አይበቃም። የሚፈልጓቸው ክፍል 2፣ 3፣ 9 እና 11 ናቸው።
- የትንተና ሰርተፍኬት። የዚህኛው ጭነት ንጽሕና ስንት እንደሆነ የሚናገረው እሱ ነው።
- የተባበሩት መንግሥታት የኬሚካሎች ምደባና መለያ ሥርዓት (ጂኤችኤስ) መጽሐፍ ምዕራፍ 3.1። ስንተኛ እትም እንደተጠቀሙ ይመዝግቡ።
- ኢንተርኔት፦ የአውሮፓ ኬሚካሎች ኤጀንሲ የመረጃ ቋት፣ የኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) ኢኬምፖርታል እና ፐብኬም።
- ካልኩሌተር ወይም ኤክሴል።
- የፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ወረቀት፣ የኬሚካል ጓንት፣ የዓይን መከላከያ መነጽር።
- የውሳኔ መዝገብ ቅጽ።

ከመጀመርዎ በፊት ማስጠንቀቂያ

ምድቡ እስኪታወቅ ድረስ ኬሚካሉን እንደ ምድብ 1 (ከሁሉ የከፋው) ይቁጠሩት፤ በርሜሉ ተዘግቶ፣ ለብቻው፣ «ያልተመደበ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት ይቀመጥ። አሽትቶ መለየት ክልክል ነው። ናሙና የሚወስዱት ለፒኤች ብቻ ከሆነ ጥቂት ሚሊ ሊትር ይበቃል። የተረፈውንና የዕቃውን እጣቢ ወደ ዝናብ ውሃ መውረጃ አይድፉ፤ መውረጃው ወደ ሐይቁ ሊያመራ ይችላል። ወደ ፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያም ቢሆን ጣቢያውን የሚያንቀሳቅሱት ሳይስማሙ አይላክም፤ ያልተጠበቀ ኬሚካል ፍሳሹን የሚያጣሩትን ተሐዋስያን ሊገድል ይችላል።

ደረጃ 1፦ ኬሚካሉን በካስ ቁጥሩ ይለዩ

የንግድ ስም አይመደብም። «ሃይድሮስ»፣ «ካስቲክ»፣ «ፐርኦክሳይድ» የሚሉት ስሞች ለማቅለሚያ ክፍል ሠራተኛ ይበቃሉ፤ ለምደባ ግን የካስ ቁጥር (ለእያንዳንዱ ኬሚካል የተሰጠ ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር) እና የይዘት መጠን በመቶኛ ያስፈልጋሉ።

የካስ ቁጥሩ በትክክል መገልበጡን በሂሳብ ማረጋገጥ ይቻላል። የመጨረሻውን አኃዝ ትተው የቀሩትን ከቀኝ ወደ ግራ በ1፣ በ2፣ በ3 እያሉ ያባዙና ይደምሩ። የድምሩ የመጨረሻ አኃዝ ከተተወው አኃዝ ጋር አንድ መሆን አለበት። ለምሳሌ 7758-99-8፦ 9×1 + 9×2 + 8×3 + 5×4 + 7×5 + 7×6 = 148። መጨረሻው 8 ስለሆነ ቁጥሩ ትክክል ነው።

ይህ ቁጥር የኮፐር ሰልፌት ነው፤ ያውም አምስት የውሃ ሞለኪውል የያዘው ሰማያዊ ክሪስታል። ውሃ አልባው ኮፐር ሰልፌት ሌላ ቁጥር አለው፤ 7758-98-7። ልዩነቱ ተራ አይደለም። ከሰማያዊው ክሪስታል ክብደት ውስጥ ውሃ አልባው ጨው 64 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ለክሪስታሉ 481 ሚ.ግ/ኪ.ግ የሆነ የአፍ መርዛማነት ግምት ወደ ውሃ አልባው ሲቀየር 307 ገደማ ይሆናል። ሁለቱም ምድብ 4 ናቸው፤ ሁለተኛው ግን ከምድብ 3 ድንበር (300) በ7 ብቻ ነው የራቀው። ስለዚህ ቁጥሩ የየትኛው ቅርጽ እንደሆነ ሳይጻፍ አይለፍ።

ደረጃ 2፦ የመግቢያ መንገዶችን ለይተው ይያዙ

በአፍ፣ በቆዳ እና በትንፋሽ። ሦስቱ ለየብቻ ይመደባሉ፤ አማካይ አይወሰድም፣ የአንዱ ውጤትም ለሌላው አይገለበጥም። አንድ ኬሚካል በአፍ ምድብ 4፣ በትንፋሽ ምድብ 2 ሊሆን ይችላል።

ለትንፋሽ ደግሞ ኬሚካሉ ጋዝ፣ ተን፣ ወይስ ብናኝና ጥቃቅን ነጠብጣብ እንደሆነ ይወስኑ፤ ለእያንዳንዱ የተለያየ ወሰን አለ። ፈሳሽ ሆኖ በስፕሬይ የሚረጭ ከሆነ የተን ወሰንን ብቻ ማየት ያሳስታል። በሥራ ቦታ ሰውን የሚያገኘው ነጠብጣቡም ነውና።

ደረጃ 3፦ መረጃውን ይሰብስቡ፣ እያንዳንዱን ቁጥር ይመርምሩ

የሚፈልጉት ኤልዲ50 (በአፍና በቆዳ) ወይም ኤልሲ50 (በትንፋሽ) ነው፤ ይኸውም ከሙከራ እንስሳቱ ግማሹን ይገድላል ተብሎ በስታቲስቲክስ የተሰላው መጠን። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን የሚከተሉትን ይጻፉ፤ አንዱ ከጎደለ ቁጥሩን በጥርጣሬ ያስቀምጡት።

ሀ) እንስሳው። ለአፍ አይጥ፣ ለቆዳ አይጥ ወይም ጥንቸል ይመረጣሉ።
ለ) የተሞከረው ነገር ንጽሕና። ንጹሕ ኬሚካል ነው ወይስ በፈሳሽ የሟሟ (ሙሙት)? የ35 በመቶ ሙሙት ቁጥር ለንጹሑ ኬሚካል ሲወሰድ ኬሚካሉ ከሆነው ያነሰ መርዛማ መስሎ ይታያል።
ሐ) ለትንፋሽ የመጋለጫው ሰዓት።
መ) ምልክቱ። «ከ2000 በላይ» እና «2000» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው እስከ 2000 ሚ.ግ/ኪ.ግ ተሰጥቶ ከተሰጣቸው እንስሳት ግማሽ ያህሉ አልሞቱም ማለት ነው፤ በአፍ ከምድብ 1 እስከ 4 አያስገባም። ሁለተኛው ግን ምድብ 4 ነው። ሰነድ ሲገለበጥ ይህች ምልክት ብዙ ጊዜ ትወድቃለች።

ለትንፋሽ «ከ2.1 ሚ.ግ/ሊ በላይ» የሚል ቁጥር ካገኙ ደግሞ ወዲያው «አልተመደበም» አይበሉ። የብናኝ ምድብ 4 እስከ 5 ሚ.ግ/ሊ ይደርሳል። ሙከራው የቆመው ከዚያ በላይ ብናኝ ማስነሳት ስላልተቻለ ነው ወይስ በሌላ ምክንያት? እንስሳ ሞቷል ወይስ አልሞተም? መልሱ ማጠቃለያው ውስጥ አይገኝም፤ ሪፖርቱን ማንበብ ያስፈልጋል።

የተለያዩ ቁጥሮች ሲያጋጥሙ በጥራታቸው ይለዩ፤ ከታማኞቹ ውስጥ ዝቅተኛውን መውሰድ ለሠራተኛው የሚያደላ ውሳኔ ነው። ከሁሉም በላይ ግን የሰው መረጃ ይቀድማል። ሜታኖልን (67-56-1) እንይ። በአይጥ የአፍ ኤልዲ50 ከ5000 ሚ.ግ/ኪ.ግ በላይ ስለሆነ በሠንጠረዡ (ደረጃ 5) ብቻ ቢሄዱ ጭራሽ አይመደብም። በሰው ላይ ግን ዓይነ ስውርነትና ሞት እንደሚያስከትል በሚገባ ይታወቃል፤ ሜታኖል በሰውነት ውስጥ ወደ ፎርሚክ አሲድ ይለወጣል፣ የሰው አካል ደግሞ ይህን አሲድ እንደ አይጥ በፍጥነት አያስወግደውም። የአውሮፓ ኅብረት በሦስቱም መንገዶች ምድብ 3 ያደረገው ለዚህ ነው። የአይጥ ቁጥር ብቻ ይዞ ሜታኖልን ከራስ ቅል ምልክት (ከምድብ 1 እስከ 3 ከሚለጠፈው) ነፃ የሚያወጣ ሰነድ ካዩ አይቀበሉት።

ደረጃ 4፦ አሃዱንና ሰዓቱን ያስተካክሉ

ሠንጠረዡ ለ4 ሰዓት መጋለጥ የተሠራ ነው። ሙከራው የ1 ሰዓት ከሆነ ለጋዝና ለተን በ2፣ ለብናኝና ለነጠብጣብ በ4 ያካፍሉ። ለምሳሌ ብናኝ፣ 1 ሰዓት፣ ኤልሲ50 3 ሚ.ግ/ሊ፦ ሳይስተካከል ምድብ 4 ይመስላል። በስህተት በ2 ቢካፈል 1.5፣ አሁንም ምድብ 4። በትክክል በ4 ሲካፈል 0.75፤ ምድብ 3። በአንዲት ማካፈያ ምክንያት በርሜሉ ላይ የራስ ቅል ይኖራል ወይም አይኖርም ማለት ነው።

የተን መረጃ በፒፒኤም (ከሚሊዮን ስንት እጅ) ከመጣ፦ ሚ.ግ/ሊ = ፒፒኤም × ሞለኪውላዊ ክብደት ÷ 24.45 ÷ 1000። ለሜታኖል (32.04) 1000 ፒፒኤም 1.31 ሚ.ግ/ሊ ይሆናል። ጋዝ ከሆነ ግን አይቀይሩ፤ የጋዝ ወሰን ራሱ በፒፒኤም ነው።

24.45 የባሕር ወለል ግፊትና 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ቁጥር ነው። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች እዚህ የአንድ ሞል ጋዝ ይዘት ወደ 30 ሊትር ይጠጋል። ለምደባ 24.45ን ይጠቀሙ፤ የሚያወዳድሩት ከውጭ ላቦራቶሪ ቁጥር ጋር ነውና። በማቅለሚያ ክፍል ውስጥ አየር ለክተው ፒፒኤምን ወደ ሚ.ግ ሲቀይሩ ግን 30ውን ይውሰዱ። ሁለቱን ማደባለቅ 20 በመቶ ገደማ ስህተት ያመጣል።

ደረጃ 5፦ ከሠንጠረዡ ጋር ያነጻጽሩ

ቁጥሮቹ የየምድቡ የላይኛው ወሰን ናቸው።

| ምድብ | በአፍ ሚ.ግ/ኪ.ግ | በቆዳ ሚ.ግ/ኪ.ግ | ጋዝ ፒፒኤም | ተን ሚ.ግ/ሊ | ብናኝና ነጠብጣብ ሚ.ግ/ሊ |
|---|---|---|---|---|---|
| 1 | 5 | 50 | 100 | 0.5 | 0.05 |
| 2 | 50 | 200 | 500 | 2 | 0.5 |
| 3 | 300 | 1000 | 2500 | 10 | 1 |
| 4 | 2000 | 2000 | 20000 | 20 | 5 |

ወሰኑ ላይ ያረፈ ቁጥር ወደ ከባዱ ምድብ ይገባል፤ በአፍ ልክ 300 ከሆነ ምድብ 3 ነው። ለአፍና ለቆዳ እስከ 5000 የሚደርስ ምድብ 5ም አለ፤ የአውሮፓ ኅብረት ግን አይጠቀምበትም። የሁለት አቅራቢዎች ሰነዶች የማይስማሙበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ሁለቱም ሳይሳሳቱ ሊለያዩ ይችላሉ።

ደረጃ 6፦ ድብልቅ ከሆነ ያስሉ

ድብልቁ ራሱ ተሞክሮ ከሆነ በዚያ ውጤት ይሂዱ፤ ስሌት አያስፈልግም። ካልተሞከረ ቀመሩ ይህ ነው («ግምት» የሚባለው ኤልዲ50 ወይም ኤልሲ50፣ አለዚያም መተኪያው ቁጥር ነው)፦

100 ÷ የድብልቁ ግምት = የ(መቶኛ ÷ የንጥረ ነገሩ ግምት) ድምር

ተራ አማካይ የማይሠራው መርዝ በዚያ መንገድ ስለማይደመር ነው። የሚደመረው ከእያንዳንዱ ንጥረ ነገር የገባው መጠን ከራሱ ገዳይ መጠን ስንት እጅ እንደሆነ ነው። «ሀ» 10 በመቶ፣ ኤልዲ50 20፤ «ለ» 90 በመቶ፣ ኤልዲ50 4000 ቢሆኑ ተራ አማካዩ 3602 ይሰጣል፤ ከምድብ 4 ውጭ። በቀመሩ ግን 10÷20 + 90÷4000 = 0.5225፤ 100÷0.5225 = 191። ምድብ 3!

ሲያሰሉ የሚከተሉትን ያስተውሉ።

1 በመቶና ከዚያ በላይ ያሉትን ንጥረ ነገሮች ሁሉ ያስገቡ። ከዚያ በታች ያለው ንጥረ ነገር ምድብ 1 ወይም 2 ከሆነ እሱንም አይተዉ። ውሃና መሰል ጉዳት አልባ ነገሮች ይቀራሉ። ሰነዱ «ከ20 እስከ 30 በመቶ» ካለ 30ን ይውሰዱ።

የንጥረ ነገሩ ምድብ ብቻ ታውቆ ቁጥሩ ከሌለ መተኪያ ቁጥር ይጠቀሙ። በአፍ፦ ምድብ 1 = 0.5፣ ምድብ 2 = 5፣ ምድብ 3 = 100፣ ምድብ 4 = 500። በቆዳ፦ 5፣ 50፣ 300፣ 1100። እነዚህ ለስሌት ብቻ የተቀመጡ ናቸው፤ በሰነድ ላይ እንደ ኤልዲ50 ማስፈር ክልክል ነው።

መርዛማነታቸው የማይታወቅ ንጥረ ነገሮች ድምር ከ10 በመቶ ከበለጠ፣ በ100 ፋንታ 100 ሲቀነስ ያልታወቀው መቶኛ ይገባል። ለምሳሌ «ሀ» 25 በመቶ (ኤልዲ50 180)፣ «ለ» 30 በመቶ (ምድብ 4፣ ማለትም 500)፣ ያልታወቀ 15 በመቶ፣ ቀሪው ውሃ። ድምሩ 25÷180 + 30÷500 = 0.199፤ 85÷0.199 = 427፤ ምድብ 4። መለያው ላይም «15 በመቶው አጣዳፊ መርዛማነቱ ያልታወቀ ንጥረ ነገር ነው» ተብሎ ይጻፋል።

ደረጃ 7፦ ቁጥሩ የማይነግርዎትን ይፈትሹ

ፒኤች ይለኩ። 2 እና ከዚያ በታች ወይም 11.5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ኬሚካሉ አካልን እንደሚያቃጥል ይታሰባል፤ ለቆዳና ለዓይን የሚሰጠው ምድብ ለብቻው ይሠራል። ካስቲክ ሶዳ በአጣዳፊ መርዛማነት ስላልተመደበ «ቀላል ነው» ብሎ የደመደመ ሰው ሠንጠረዡን አንብቧል፣ ኬሚካሉን ግን አላወቀውም።

ከሌላ ኬሚካል ጋር ሲገናኝ የሚወጣውን ጋዝም ይመዝግቡ። ሃይድሮስ (ሶዲየም ዳይታዮናይት) በአፍ ምድብ 4 ብቻ ነው፤ አሲድ ሲነካው ግን ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይለቃል። በረኪና ከአሲድ ጋር ክሎሪን ይለቃል። ይህ ምድቡን አይቀይርም፤ የመጋዘን አደራደርን ግን ይወስናል። አሴቲክ አሲድና ሃይድሮስ አንድ መደርደሪያ ላይ አይቀመጡም።

ደረጃ 8፦ መረጃ ጨርሶ ከሌለ

በቅደም ተከተል ይሂዱ። መጀመሪያ አምራቹን በጽሑፍ ይጠይቁ። ቀጥሎ በኬሚካላዊ መዋቅር የሚመስለውንና መረጃ ያለውን ኬሚካል ይፈልጉ። ከዚያ የኮምፒውተር ትንበያ (የኦኢሲዲ ኪውሳር ቱልቦክስ በነፃ ይገኛል) ይጠቀሙ፤ ትንበያው ኬሚካልዎ በሚሸፍነው ክልል ውስጥ መሆኑን ካላሳየ አይመኑት። በሕዋስ ላይ የሚሠራ ሙከራ (3ቲ3 ኒውትራል ሬድ) የመነሻ መጠን ለመገመት ይረዳል፤ ለብቻው ምድብ ለመስጠት ግን አይበቃም።

የእንስሳ ሙከራ የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ የሚሠራውም መልካም የላቦራቶሪ አሠራርን በሚከተል ላቦራቶሪ እንጂ በፋብሪካ ውስጥ አይደለም። ሲያዙ የኦኢሲዲ መመሪያ 420፣ 423 ወይም 425 (በአፍ የሚሰጥ አጣዳፊ መርዛማነት መሞከሪያ ዘዴዎች) ይጠይቁ። የድሮው ዘዴ 401 እ.ኤ.አ. በ2002 የተሰረዘ ስለሆነ «እሱን እንሠራለን» የሚል ጥቅል ዋጋ ከመጣ ይመልሱት። ሪፖርቱ ሲደርስ የሚያዩት፦ በ423 በየደረጃው 3 እንስሳት፣ መጠኖቹ 5፣ 50፣ 300፣ 2000፤ በ425 አንድ በአንድ፣ መረጃ ከሌለ ከ175 ጀምሮ በ3.2 እጥፍ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች፣ አብዛኛውን ጊዜ በ48 ሰዓት ልዩነት። በሁሉም ክትትሉ 14 ቀን ነው። በሦስተኛው ቀን የተዘጋ ሪፖርት ዘግይቶ የሚመጣ ሞትን አላየም። በአፍ ከ2000 በላይ መሆኑ ከታወቀ የቆዳ ሙከራ አብዛኛውን ጊዜ ስለማያስፈልግ አይክፈሉበት።

ደረጃ 9፦ መለያ ይለጥፉ፣ ይመዝግቡ

ምድብ 1፣ 2 እና 3፦ የራስ ቅልና አጥንት፣ «አደጋ» የሚል ቃል። ምድብ 4፦ የቃለ አጋኖ ምልክት፣ «ማስጠንቀቂያ»። የራስ ቅል ካለ የቃለ አጋኖው ይቀራል። የአፍ የአደጋ መግለጫ ሐረጎች፦ ምድብ 1 እና 2 ኤች300 (ከተዋጠ ይገድላል)፣ ምድብ 3 ኤች301 (ከተዋጠ መርዛማ ነው)፣ ምድብ 4 ኤች302 (ከተዋጠ ጎጂ ነው)። ለቆዳ ከ310፣ ለትንፋሽ ከ330 ይጀምራሉ።

ጽሑፉ ሠራተኛው በሚያነበው ቋንቋ ይሁን፤ ሐዋሳ ላይ ይህ አማርኛና ሲዳሙ አፎ ማለት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው ስለ ሥራው አደጋ እንዲያውቅ የማድረግ ግዴታን በአሠሪው ላይ ጥሏል። መለያው በበርሜሉ ላይ ብቻ ሳይሆን በተቀዳበት ጀሪካንና ባልዲ ላይም ይለጠፍ። በሃይላንድ ጠርሙስ መቅዳት ግን በምንም መለያ አይፈቀድም፤ የተጠማ ሰው መለያ አያነብም።

መዝገቡ ላይ የሚሰፍሩት፦ የካስ ቁጥር፣ ንጽሕና፣ ለየመንገዱ የተወሰደው ቁጥርና ምንጩ፣ የተደረገው ማስተካከያ፣ ያልተወሰዱ ቁጥሮችና የተጣሉበት ምክንያት፣ የጂኤችኤስ እትም፣ ቀን፣ የወሰነውና ያረጋገጠው ሰው ፊርማ። ያረጋገጠው ከወሰነው የተለየ ሰው ይሁን።

ተደጋግመው የሚታዩ ሌሎች ስህተቶች

- «መረጃ የለም» የሚለውን «አይመደብም» ብሎ መተርጎም። ክፍል 11 ባዶ መሆኑ ስለ ኬሚካሉ ምንም አይናገርም።
- የማጓጓዣ ምድብን (ክፍል 14) ለሥራ ቦታ መለያ መጠቀም። የማጓጓዣው ሥርዓት ምድብ 4ን እንደ መርዝ አይቆጥርም።
- በሥራ ቦታ አየር ውስጥ የተፈቀደውን የመጋለጥ ወሰን ከኤልሲ50 ጋር ማምታታት። አንዱ ሰው ሳይጎዳ የሚሠራበት፣ ሌላው እንስሳ የሚሞትበት መጠን ነው።
- ግራምን ከሚሊ ግራም ማሳሳት። 2 ግ/ኪ.ግ 2000 ሚ.ግ/ኪ.ግ ነው።
- አቅራቢ ሲቀየር የድሮውን ምድብ ማስቀጠል። ተመሳሳይ የንግድ ስም ያለው ድብልቅ የተለየ ይዘት ሊኖረው ስለሚችል አዲስ ሰነድ በመጣ ቁጥር ከደረጃ 1 ይጀምሩ።